ጦር የማይሰፍርበት የጦር ሰፈር

ጥያቄ፦ በዌልስ ገጠር የጥንት ሮማውያን የሠሯቸው ጥቃቅን የጦር ሰፈሮች አሻራ እንዳለ አነበብኩ። ሠላሳ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ምን ጦር ይሰፍራል? (የታሪክ መምህር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይሰፍርም፤ መለማመጃ ነው። ላንድሪንዶድ ኮመን በተባለው መስክ ብቻ 18 ያህሉ ይታወቃሉ። ወታደሩ ቦይ ይቆፍርና አፈሩን ወደ ውስጥ ከምሮ ግንብ ያበጃል። ቀጥ ያለውን ጎን ማንም ይሠራዋል፤ ፈተናው ማዕዘኑና በሩ ነው። ማዕዘኑ ክብ ስለሆነ፣ አራት ማዕዘን ተደርጎ የተቆረጠው ሣራም አፈር ሲደረደር በውጭ በኩል ይከፈታል። ስለዚህ ጎኖቹን አሳጥረው በማዕዘንና በበር ላይ ይደክሙ ነበር።

በሩማ ብልሃት አለበት! ግንቡ ወደ ውስጥ በቅስት ይታጠፋል። ሰብሮ የሚገባ ጠላት ወደ ግራ መዞር ግድ ይሆንበታል፤ ጋሻው በግራ እጁ ስለሆነ ቀኝ ጎኑ ይጋለጣል።

ዛሬ የቀረው ግንብ ከጉልበት በታች ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ቢረግጡት እንኳ አያውቁትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ጥላው ያወጣዋል። እዚያው ሐዋሳ ካለው ከታቦር ተራራ ወደ ማታ ቁልቁል ሲያዩ የእርሻ ድንበሩ ጎልቶ እንደሚወጣው ማለት ነው። ከላይ የተነሳ ፎቶ ሲመርጡም ጥላው ረጅም የሆነውን ይፈልጉ።