መልስ፦ «ኤንኤፍ-1 ላለበት ልጄ ዕጢ ላሞትሪጂን ላስጀምረው ወይ?»

ኤንኤፍ-1 (ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1) በነርቮች ላይ ዕጢ የሚያመጣ የጂን በሽታ ነው፤ ላሞትሪጂን ደግሞ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ልጅሽ የሚጥል በሽታ ከሌለበት ለዕጢው ብለሽ አታስጀምሪው።

ላሞትሪጂን የኤንኤፍ-1ን ዕጢ እድገት ይቀንሳል የሚለው ያነበብሽው ጥናት እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ግን የተሠራው በአይጦች ላይ ነው። የኤንኤፍ-1 ጂን ሲበላሽ ነርቮቹ ከልክ በላይ ይነቃቃሉ፤ ዕጢ የሚያሳድጉ ነገሮችም ይለቃሉ። መድኃኒቱ ነርቮቹን ሲያረጋጋ የዕጢው እድገት ቀነሰ። በጣም ተስፋ ይሰጣል፣ ልጅሽን ለማከም ግን ገና አይበቃም።

የሚጥል በሽታም ካለበት ሌላ ነገር ነው። ያኔ ለሱ ሊታዘዝለት ይችላል፤ የነርቭ ሐኪሙን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እህቴ ላሞትሪጂን ስትጀምር መጠኑ ቶሎ ተጨመረና ደረቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣባት። ላሞትሪጂን ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው። ሽፍታ ካየሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው። ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ላሞትሪጂንን ደም ውስጥ ያበዛዋል።