መልስ፦ አድማ የሚከለክል ሕግ ከጸደቀ በኋላም ይሻራል

ወንድሜ፣ «ሕጉ አንዴ ከጸደቀ ሠራተኛው ምን ማድረግ ይችላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ማድረግ ይችላል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የሆነውን ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2022 የክፍለ ግዛቱ መሪ የዳግ ፎርድ መንግሥት «ሕግ 28» የሚባለውን አጸደቀ። 55 ሺህ ያህል የትምህርት ቤት ሠራተኞች፣ ማለትም የጽዳት ሠራተኞች፣ የመምህራን ረዳቶችና የቢሮ ጸሐፊዎች፣ አድማ እንዳይመቱ ተከለከሉ፤ የሥራ ውልም ተጫነባቸው። ቅጣቱ ለአንድ ሰው በቀን እስከ 4,000 ዶላር፣ ለሠራተኛ ማኅበራቸው እስከ 500,000 ዶላር ነበር። እኔን ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን ፍርድ ቤት ሕጉን እንዳይሽረው የካናዳ ሕገ መንግሥት አካል የሆነውን የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 33፣ ማለትም ምክር ቤት አንዳንድ መብቶችን ወደ ጎን ትቶ ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅደውን አንቀጽ፣ መጠቀማቸው ነው። መብት በአንድ አንቀጽ ወደ ጎን ሲገፋ ዝም ማለት አይገባም።

ሠራተኞቹ በማግስቱ ሥራ አቁመው ወጡ። ያን ቅጣት እያወቁ፣ በዚያ ትንሽ ደመወዝ! ወሳኙ ነገር ግን ብቻቸውን አለመቅረታቸው ይመስለኛል። የግሉ ዘርፍ ማኅበራት፣ ከወራት በፊት በምርጫ ፎርድን የደገፈ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሳይቀር፣ ሕጉን ተቃወሙ። የአጠቃላይ አድማ ወሬም ይሰማ ጀመር።

ኖቬምበር 7 ጠዋት ፎርድ ሠራተኞቹ ከተመለሱ ሕጉን እንደሚሽር አስታወቀ፤ ኖቬምበር 14 ቀን የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ጭራሽ እንዳልነበረ ቆጥሮ ሻረው።

በድርድሩ የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። በየዓመቱ በሰዓት 1 ዶላር ገደማ ጭማሪ ያለበትን ውል ግን አባላቱ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት።