ልምምድ ወጥታችሁ እዚያው ለመቅረት ለምታስቡ

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ በቡና ጥራት ሥራ ላይ ጠጉሬ ሸብቷል። ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለኢንተርንሺፕ ተልካችሁ ስትመጡ ፊታችሁ ላይ አንድ ጥያቄ አነባለሁ፤ «ሲያበቃ ይቀጥሩኝ ይሆን?»

እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ነው የገባሁት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬ ናሙና መሸከምና የቅምሻ ስኒ ማጠብ ነበር። ዲግሪ ልይዝ ነው ስል ስኒ ማጠቤ ከፍቶኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቅምሻ ላይ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ተመዝኖ ይገባል፤ ስኒው ላይ የሳሙና ሽታ ከቀረ ግን የማና ወይም የጎማ ወረዳ ገበሬ የዓመት ልፋት ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። ከዚያ ወዲህ ስኒ ሳጥብ አልተከፋሁም።

ቡናው ተሰጥቶ የሚደርቅባቸው አልጋዎች ዘንድ ደግሞ ማንም የማይጽፈው ነገር አየሁ። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ መጋዘን ከገባ ለሻጋታ ይጋለጣል፤ ስለዚህ በየቀኑ ይለካል፣ ግን የተለካው በቃል ብቻ ይነገር ነበር። ደብተር ገዝቼ የአልጋውን ቁጥር፣ የጠዋቱንና የማታውን ልኬት፣ ደመናም ከነበረ ደመናውን ጻፍኩ። ወር ሳይሞላ የትኛው አልጋ እንደሚዘገይ የሚጠይቁኝ እኔን ሆነ። አንድ ቀን የሁለት ናሙና መለያ አቀያይሬ ለጥፌ፣ ሳላድር ለአለቃዬ ነገርኩት። ተቆጣኝ። በማግስቱ የናሙና ክፍሉን ቁልፍ የሰጠኝም እሱው ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ትምህርታችሁ ማኅበረሰቡ ውስጥ ስለሚያስገባችሁ ከገበሬ ጋር መነጋገር አይከብዳችሁም። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት፤ እኛ ዘንድ በጣም ይፈለጋል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ልምምዴ ሲያልቅ ሌላ ድርጅት «ለጊዜው አግዢን» ብሎኝ አምስት ወር ያለ ደብዳቤ ሠራሁ። መጠየቅ ድፍረት መስሎኝ ዝም አልኩ፤ በመጨረሻም ባዶ እጄን ወጣሁ። እናንተ ዝም አትበሉ። ልምምዱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አለቃችሁን ብቻውን አግኙና «እዚህ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ክፍት ቦታ ይኖራል?» በሉት። የለም ካለ፣ የት ልሞክር ብላችሁ ጠይቁት፤ የምስክር ወረቀትም አጽፉ። እሺ ካለ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» እየተባለ መንፈቅ አይገፋም። ያለ ውል ሰው ማሠራትን እኔ ነውር ነው የምለው፤ አሠሪ ሆኜም አልለወጥኩም።

ለቀማው በጥቅምት ይጀምራል። ዘንድሮ ወደ እኛ የምትመጡ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ስኒዎቹ የት እንደሚቀመጡ እኔው አሳያችኋለሁ።