ሐሳቡን አባርረዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ «አንቺ አትረቢም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አሁን በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ትንሽ ስሕተት ስሠራ ያ ቃል በራሴ ድምፅ ይመጣብኛል። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ጸበል ተጠምቄያለሁ። ለጥቂት ቀን ይተወኝና ይመለሳል። እግዚአብሔር ንስሐዬን አልተቀበለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይደለም። አባቶች ኃጢአት በሦስት መንገድ ይሠራል ይላሉ፤ በሐልዮ (በማሰብ)፣ በነቢብ (በመናገር)፣ በገቢር (በመሥራት)። ሐልዮ ግን ሐሳቡ ብልጭ ማለቱ አይደለም፤ ወድደሽ ስታስተናግጂው ነው። ደግሞስ «አትረቢም» የተባልሽው አንቺ አይደለሽ? ሰው በተበደለው ንስሐ አይገባም።

ታዲያ ለምን ይመለሳል? ማቴዎስ 12፥43 ላይ ጌታ የተናገረውን አስቢ። ርኩስ መንፈስ ከሰው ይወጣል፤ ዕረፍት ሲያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ ያገኘዋል፤ ግን ባዶ ነው። ከእርሱ የከፉ ሌሎች ሰባት ይዞ ይገባል። (እንዳትደነግጪ፣ ጋኔን አለብሽ ማለቴ አይደለም። ዛሬ ዛሬ ሁሉን ነገር ለመንፈስ መስጠት በዝቷል።) እኔ የማየው ቤቱ ባዶ መሆኑን ነው። አንቺም ጠርገሻል። ማን ገባበት?

ዘኍልቁ 13ን ዛሬ ማታ አንብቢው። 12 ሰላዮች የከነዓንን አገር ለ40 ቀን ዞሩ። አንዱን የወይን ዘለላ ለሁለት ተሸክመው አመጡ። አሥሩ ግን ስለ ግዙፎቹ ሲያወሩ «በዓይናችን እንደ አንበጣ ነበርን» አሉ። ልብ በዪ፣ በራሳቸው ዓይን ነው! ግዙፎቹ አንበጣ ብለው ሲጠሯቸው አልተጻፈም። ከግብፅ ከወጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ጡብ ያሠራቸው የነበረው ድምፅ አብሯቸው ወጥቷል። ከሰላዮቹ አንዱ ካሌብም ያንኑ ግዙፍ አይቷል። የለም አላለም። እርሱና ኢያሱ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» አሉ።

አንዳንዱ መስታወት ላይ «እችላለሁ» ብሎ ይለጥፋል። አልነቅፍም። ግን መስታወት የሚያሳይሽ ያንኑ ፊት ነው፤ በደከመሽ ቀን የደከመውን። ካሌብ የተደገፈው በጉልበቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራሽ እንምጣ። 54 ልትጽፊ 45 ጽፈሻል እንበል። ድምፁ መጣ። አትከራከሪው፤ ክርክር ይወዳል። የሆነውን በስሙ ጥሪው፦ «ሁለት አኃዝ አዛውሬያለሁ።» በቃ፣ ከዚህ አይበልጥም። ቀጥለሽ ይህን በዪ፦ «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ።» ቢሮ ከሆንሽ በከንፈርሽ ብቻ። ቁጥሩን አርሚና ሥራሽን ቀጥዪ። ቃሉ በእኛ ዳዊት መዝሙር 26 ላይ ነው፤ በሌላው እትም 27፥10። ሰኞ ከሚጸለየው የዳዊት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሪ። በየሳምንቱ አዲስ ጥቅስ አትለዋውጪ። አንዱ ይበቃሻል።

ለንስሐ አባትሽም «አትረቢም» የሚለውን ቃል ራሱን ንገሪያቸው፤ «ሐሳብ ያስቸግረኛል» ብለሽ አትለፊው። እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሲራክ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ሐኪም ቤት መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ትዪኝ ይሆናል። የግእዝ ንባብ ቤት ሳለሁ አንዲት ቃል ተነሽ ሆና ሳለ ወዳቂ አድርጌ ለመድኳት (ሁለቱም የቃል አነባበብ ዓይነቶች ናቸው)። የኔታ «አይደለም» ብለው አልተዉኝም። በትክክሉ እያስባሉ፣ ደግመው እያስባሉ አዋሉኝ። ምላሴ አሮጌውን የለቀቀው አዲሱን ስላገኘ ነው። ያም ሆኖ ዛሬም ሌሊት ዳዊት ስደግም ከቸኮልኩ ያቺው ወዳቂ ታመልጠኛለች። አርማትና ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለሁ።