ቺፓችሁ ሳያልቅ ኦል ኢን ግቡ

ልጆች፣

ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ ሳድል ነው። የእኛም ልጆች ከሥራ ሲወጡ የፖከር ቶርናመንት ይገባሉ። ጎበዞች ናችሁ፤ አንድ ነገር ግን ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ቺፓችሁ፣ የምታስይዙት ጠጠር፣ ሲያንስ ቁጭ ብላችሁ ጥንድ አስ ትጠብቃላችሁ። ጥንድ አስ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። ብላይንዱ፣ ካርታ ሳታዩ በተራችሁ የምትከፍሉት ግዴታ፣ ግን አይጠብቅም፤ በየዙሩ ይበላችኋል። ቺፕ የሚለካው በቢግ ብላይንድ፣ በትልቁ ብላይንድ፣ ነው፤ ሃያ ቢግ ብላይንድ የነበረው ስምንት ይሆናል። ከዚያ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነው፤ በተገኘው ካርታ ኦል ኢን፣ ያለውን ቺፕ ሁሉ ማስያዝ። ያኔ ማን ይፈራችኋል? ጃክ ስትራውስ በ1982 እ.ኤ.አ. በአንድ ቺፕ ተነስቶ የዓለም ፖከር ሻምፒዮን ሆነ እያላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ። ያ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚወራው እምብዛም ስለማይሆን ነው።

ጊዜው ከ15 እስከ 20 ቢግ ብላይንድ ሲኖራችሁ ነው። በተን ላይ ያለው፣ ከብላይንዶቹ በፊት መጨረሻ ተራው የሚደርሰው ሰው፣ ሬይዝ ሲያደርግ፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ ሲያደርግ፣ በላዩ ላይ ኦል ኢን ግቡ።

ሂሳቡን እንየው። ብላይንዱ 1,000 እና 2,000፣ በላዩ የሚከፈለው አንቲ 2,000 ነው። በተኑ 4,500 አለ። እናንተ ቢግ ብላይንድ ናችሁ፤ ከፍላችሁ 32,000 ቀርቷችኋል። መሀል ላይ 9,500 አለ። ኦል ኢን ስትሉ እሱ ለመቀጠል 29,500 መጨመር አለበት። ፎልድ ካደረገ፣ ካርታውን ከጣለ፣ ምንም ሳይገለጥ 9,500 ወሰዳችሁ። ኮል ቢልስ፣ እኩል ቢያስይዝስ? አስና አምስት ይዛችኋል እንበል፣ ምልክታቸውም አንድ ነው። ኮል ከሚልባቸው ጠንካራ ካርታዎች ጋር ከአሥር ሦስት ጊዜ ያህል ታሸንፋላችሁ። አስሉት፦ ከግማሽ ትንሽ በላይ ጊዜ ፎልድ ካደረገ አትከስሩም። በተን ላይ ደግሞ ሰው በብዙ ደካማ ካርታ ይከፍታል፣ የመጀመሪያውን ሬይዝ ያደርጋል። አሷ እናንተ ጋ መሆኗም ሥራ አላት፤ እሱ ጥንድ አስ የሚይዝበት መንገድ ከስድስት ወደ ሦስት ይወርዳል።

ይህንኑ የከፈላችሁትን ቢግ ብላይንድ ጨምሮ በ16,000 ብታደርጉትስ? 11,500 ጨምሮ 23,500 ለማግኘት ነው። ከሞላ ጎደል በማንኛውም ካርታ ኮል ቢል አይፈረድበትም።

ሰውየውንም እዩት። ሬይዝ ከማድረጉ በፊት የእናንተን ቺፕ በዓይኑ የሚለካ ሰው ኦል ኢን እንደምትሉ አስቦበታል። ስልኩን እያየ ቺፕ የሚወረውረው ግን አላሰበም፤ እሱ ላይ ግቡበት። ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች የከፈተን ሰው፣ ወይም ፎልድ የሚባል ነገር የማያውቅን፣ ተዉት። ሽልማቱ ሊጀምር ሁለት ሦስት ሰው መውጣት ብቻ ሲቀረው በጣም የሚፈራው መካከለኛ ቺፕ ያለው ነው። ከእናንተ ያነሱ ሊወጡ ከደረሱ ግን ታገሡ።

ይህን ጨዋታ የቤት ኪራይ ወይም ለእናት የሚላክ ገንዘብ ይዞ የገባ ሰው አይችለውም። ኮል ሲባል ብዙውን ጊዜ የምትወጡት እናንተ ናችሁ። ያን መቋቋም የማይችል ሰው አስና አምስቱን ይጥላል፤ ቺፑም ያልቅበታል። የመግቢያውን ብር ለብቻው ለዩት፤ ካልተለየ አትግቡ።

ስትወጡም ወዲያው እንደገና ለመግባት አትሰለፉ። ብላይንዱ 1,000 እና 2,000 ሲደርስ መነሻው 40,000 ከሆነ የምትገዙት 20 ቢግ ብላይንድ ብቻ ነው፤ ክፍያው ግን ሙሉ ነው።