ክትፎ ያስያዘው ፈረስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ቤቲንግ ቤት ቁጭ ብለን ጓደኛዬ አንድ ወሬ አወራኝ። እንግሊዝ አገር በትልቅ የመሰናክል ፈረስ ውድድር 41 ፈረስ አንድ መሰናክል ላይ ተደራርቦ ወደቀና፣ ከኋላ ሲያዘግም የነበረ ማንም ያልቆጠረው ፈረስ ብቻውን ገብቶ አሸነፈ ይለኛል። ባለቤቱ እንኳ ሜዳ አልመጣም አለ። እኔ ፈጠራ ነው ብዬ ክትፎ አስይዣለሁ። እውነት ከሆነስ ይሄ ማሸነፍ ይባላል? ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክትፎው አደጋ ላይ ነው። ጓደኛህ ሁለት ታሪክ አጣብቆ ነው የነገረህ፣ ሁለቱም ግን የሆኑ ናቸው።

የ41ዱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ1928 ግራንድ ናሽናል የሚባለው ውድድር ላይ 42 ፈረሶች ተነስተው መጨረሻው ላይ የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ያሸነፈው ቲፐራሪ ቲም ነው። ሁለተኛው ቢሊ ባርተን የመጨረሻው መሰናክል ላይ ወድቆ፣ ጋላቢው እንደገና ወጥቶበት ነው የገባው።

ባለቤቱ ያልመጣለት ግን ፎይናቨን ነው፣ እሱ ደግሞ ከ39 ዓመት በኋላ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1959 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 8/1967)፣ ሊቨርፑል፣ ኤይንትሪ ሜዳ። ርቀቱ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መሰናክሉ 30፣ ፈረሱ 44። ለፎይናቨን የተሰጠው 100 ለ1 ነበር፣ በእኛ ቤቲንግ ቤት ቋንቋ ኦዱ 101 ማለት ነው። አሠልጣኙ ጆን ኬምፕተንም አልነበረም፤ ዎርስተር ሄዶ ሌላ ፈረስ ሲጋልብ ነበር (እዚያ አሸንፏል፣ ቀኑ የእሱ ነበር መሰለኝ)። ጋላቢው ጆን በኪንግሃም ደግሞ ግራንድ ናሽናል ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ፈረሱን ከልቧ የምታጅበው ሱዚ የምትባል ነጭ ፍየል ነበረች፣ አብራው የምታድር።

አሁን 23ኛው መሰናክል ጋ እንድረስ። ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው፣ 1 ሜትር ከ37 ሳንቲም፣ ማንም አይፈራውም። ፖፕሃም ዳውን የሚባል ፈረስ ጋላቢውን ገና የመጀመሪያው መሰናክል ላይ አጥቶ፣ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ከመሪዎቹ ጋር ይሮጥ ነበር። እዚህ ሲደርስ አልዘልም አለ። ቆሞ ቢቀር ደህና ነበር፣ እሱ ግን ታጥፎ መሰናክሉን ታክኮ በሌሎቹ ፊት ለፊት ወደ ጎን ሮጠ። ቀድመው የደረሱት ከእሱ ጋር ተጋጩ፣ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት የሚመጡት በእነሱ ላይ ተከመሩ፣ አንዳንዱ ፈረስ ድንገት ሲቆም ጋላቢው ብቻውን መሰናክሉን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ተገኘ። ዱብ ዱብ ነው። ፒያሳ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን የታክሲ መቆላለፍ በፈረስ አስበው።

በኪንግሃም ከኋላ ስለነበር ይሄን ሁሉ ለማየት ጊዜ አገኘ። ያዝ አደረገው፣ በዳር በኩል ክፍተት ፈለገ፣ ዘለለ። በመጀመሪያ ሙከራ የተሻገረው ፎይናቨን ብቻ ነው። ዞር ብሎ ሲያይ ማንም የለም!

አስተላላፊው ማይክል ኦሄር በዚያ ትርምስ መሃል ፈረሱን በስሙ ጠራው። እንዴት አወቀው ብትል፣ ከውድድሩ በፊት ጋላቢዎቹ ክፍል ገብቶ የማያውቀው የማሊያ ቀለም ስላየ የማን እንደሆነ በኪንግሃምን ጠይቆት ነበር። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

ሌሎቹ ግን ዝም ብለው አልቀሩም፣ ጓደኛህ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ተጠባቂ የነበረው ሃኒ ኤንድ በጆሽ ጊፎርድ እየተጋለበ ወደኋላ ተመልሶ እንደገና ዘለለና ፎይናቨንን ያሳድደው ጀመር። ልዩነቱ እየጠበበ መጣ፣ ግን የቀረው መንገድ አልበቃውም፤ በ15 የፈረስ ርዝመት ተቀደመ። 18 ፈረሶች ጨርሰዋል። ቶት በሚባለው መቋመሪያ ደግሞ ክፍያው 444 እጥፍ ነበር፣ አንድ ፓውንድ ላስያዘ 444 ፓውንድ።

ማሸነፍ ይባላል ወይ ላልከው፣ ለእኔ በደንብ ይባላል። ክፍተቱን የሰጠው ዕድል ነው፣ እሺ። ግን ከ23ኛው በፊት 22 መሰናክል ሳይወድቅ ዘሏል፣ ከዚያም ሰባት ይቀረው ነበር፣ ብቻውን፣ ከፊቱ የሚከተለው ፈረስ ሳይኖር። በዚያ ላይ ሰውና ፈረስ በተደባለቀበት ቦታ ሳይደነግጥ የዘለለ ፈረስ ሰነፍ ነው ቢሉኝ አልቀበልም። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ገብቶ አልጨረሰም፤ ያን ጊዜ ያሸነፈው ሬድ አሊጌተር ነው፣ በትርምሱ ቀን ሦስተኛ የወጣው። መሰናክሉ ግን ከ1984 ጀምሮ ፎይናቨን ተብሎ ይጠራል።

ስለዚህ ክትፎውን ጋብዝ። ለ41ዱ ቅጥፈት ደግሞ ማኪያቶው የጓደኛህ ይሁን።