መጀመሪያ ሰፈርሽ ያለውን ትራንስፎርመር እይው

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝ የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ፣ እንዴት ነሽ እህቴ? ያልሽኝን ላሳጥረው። የመመረቂያ ሥራሽ የኃይል መስመርን ክፍሎች ሞዴል አድርጎ ሲሙሌት ማድረግ፣ ማለትም በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት ነው። ማትላብ የሚባለውን የስሌት ሶፍትዌር መግዛት አትችይም፣ ላፕቶፕሽ አሮጌ ነው፣ ጓደኞችሽ ደግሞ "ፓወር ሥራ የለውም፣ ኮዲንግ ተማሪ" እያሉ ሆድሽን ያባቡታል።

ላፕቶፑ ቀላሉ ነው። ኦፕንዲኤስኤስ የሚባለው የኃይል መስመር ማስሊያ ሶፍትዌር ነጻ ነው። ፓንዳፓወርም ነጻ ነው፣ የሚሠራውም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ጓደኞችሽ የሚሉሽን ኮዲንግ እግረ መንገድሽን ትለምጂዋለሽ። ለአንድ ባለ 15 ኪሎ ቮልት መስመር ያ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል።

እኔን ያሳሰበኝ ፕሮፖዛልሽ ነው። ባለ 14 ባሱን (14 የመገናኛ ነጥብ ያለውን) የአይትሪፕልኢ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበሩን፣ የሙከራ ኔትወርክ ልትሠሪበት አስበሻል። ታውቂያለሽ፣ እሱ እኮ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከነበረ መስመር ላይ የተወሰደ ነው! ለመለማመጃ ጥሩ ነው፣ እኔም ተለማምጄበታለሁ። ለመመረቂያ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ያንቺ ሰፈር መስመር እያለልሽ ምን አስኬደሽ?

ማታ 12 ሰዓት ላይ ቤታችሁ ምጣዱ ሲለኮስ ምን እንደሚሆን አስቢ። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ነው እንግዲህ። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ሲጋግር ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ የምጣዱ ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚቀንስ 2.3 ኪሎ ዋት ገደማ ላይ ይቀራል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይነሳል፣ እናትሽ ሊጡን ትጠረጥራለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጤፉ መፈጨት አለበትና ሞተሩ ቮልቴጅ ሲያንሰው ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ሁለቱንም "ሎድ" (ኃይል ተጠቃሚ) ብለሽ በአንድ ቁጥር ካስገባሻቸው ሲሙሌሽንሽ ይዋሻል። ምጣዱ ቋሚ ኢምፔዳንስ ነው (ለከረንት ያለው ተቃውሞ አይለወጥም)፣ ወፍጮው ኢንዳክሽን ሞተር። ይህን ልዩነት በራስሽ ሰፈር ካሳየሽ ፈታኞችሽ ወንበራቸውን ወደ ፊት ይስባሉ።

ትራንስፎርመሩ ላይ ሰሌዳ አለ። ራስሽ አትጠጊው፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ቴክኒሻኖች በደብዳቤ ጠይቂ፣ እነሱ ይነግሩሻል። ለምሳሌ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ 400 ቮልት፣ ኢምፔዳንስ 4 በመቶ ቢል፣ በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል 0.032 ኦም ማለት ነው፤ ሞዴልሽ ከዚያች ቁጥር ይነሳል። መስመሩ ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ስለሚሆን ካፓሲታንሱን (ሽቦው ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) ብትተዪው ማንም አይቆጣሽም። የሽቦውን ዓይነትና ውፍረት ግን አትገምቺ።

እኔ ጉድ የሆንኩት እዚች ላይ ነው። ተመራቂ እያለሁ የሽቦውን ሬዚስታንስ ከአንድ መጽሐፍ ገለበጥኩ። ግራፉ ሲያምር! ማብራሪያ ስሰጥ አንድ የመስመር ሠራተኛ "የዚህ መስመር ቮልቴጅ ማታ ማታ እንዲህ አይወርድም" አለኝ። ለካ ቁጥሩ በማይል ነበር፣ እኔ በኪሎ ሜትር አስገብቼዋለሁ። 1.6 እጥፍ ተሳስቼ በኩራት ቆሜ ነበር። ስለዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ቮልት ማሳያ ግዢ፣ ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ መዝግቢ፣ ከሞዴልሽ ጋር አስተያዪው።

ሥራውን በተመለከተ አልሸነግልሽም። "ሲሙሌሽን ኢንጂነር" የሚል ማስታወቂያ እኛ አገር እምብዛም አታዪም። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚወጣው፦ ፕላኒንግ፣ ፕሮቴክሽን፣ የሰብስቴሽን ዲዛይን፣ ሶላር። ሪሌ (ብልሽት ሲፈጠር መስመሩን የሚያስቆርጠው መሣሪያ) ስንት አምፔር ላይ ይቁረጥ የሚለውን የሚወስነው የሾርት ሰርኪዩት ስሌት ነው፣ ያንን ደግሞ በእጅ መሥራት አድካሚ ነው። ጎጃምን አቋርጦ የሚሄደውን የ400 ኪሎ ቮልት መስመር አስቢው፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ዩኒት (ጄኔሬተር) ድንገት ቢወድቅ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ኸርትዝ ምን ያህል እንደሚንሸራተት አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቁሽም የሶፍትዌር ስም ሳይሆን "ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው?" ነው።

ርዕሱን ከመቀየርሽ በፊት አማካሪሽን አነጋግሪው፤ ቅር እንዳይለው ባለ 14 ባሱን መለማመጃ ምዕራፍ አድርገሽ አስቀሪለት። የመጀመሪያውን ሳምንት የቮልቴጅ ምዝገባ ስትጨርሺ ላኪልኝ።